ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የተከራዩትን ቤት መልቀቅ፣ ማቆየት ወይስ ለሌላ ማስተላለፍ? የንጽጽር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ሐሳቡ ሁሉ በፓስፖርቱ፣ በትኬቱና በሻንጣው ክብደት ላይ ስለሚያርፍ፣ ለዓመታት የኖረበት የኪራይ ቤት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። በዚያ ጥድፊያ «ለጊዜው ወንድሜ ይቀመጥበት»፣ «ቁልፉን ለጎረቤት እንስጥና ከደረስን በኋላ እናስብበታለን» እየተባለ ይወሰናል። ተከራዩ ግን አውሮፕላን ስለተሳፈረ ብቻ ከውሉ አይወጣም። ስሙ በውሉ ላይ እስካለ ድረስ የኪራዩ፣ የመብራትና የውኃው ዕዳ፣ በቤቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ጭምር የእርሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነገሩን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ሆኖ በስልክ የሚከታተል መሆኑ ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት አማራጮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ቤቱን ለአከራዩ ማስረከብ፣ ሁለተኛው ኪራዩን እየከፈሉ ቤቱን ዘግቶ ማቆየት፣ ሦስተኛው ውሉን በቤቱ ውስጥ ለሚቀር የቤተሰብ አባል ማዛወር፣ አራተኛው ደግሞ የተከራዩትን መልሶ ለሌላ ሰው ማከራየት ነው። አራቱን እኩል አላያቸውም። በቤቱ የሚቀር ቤተሰብ ከሌለና ከአገር የሚርቁበት ጊዜ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ከሆነ፣ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ውሳኔ ማስረከብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም በየአማራጩ ሥር አስረዳለሁ። ቀጥሎ ያለው ሐተታ በዋናነት ከግለሰብ ስለተከራዩት ቤት ሲሆን፣ የቀበሌና የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤቶች ሕጋቸው ሌላ ስለሆነ ለብቻቸው ይታያሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ የጉዞው ዓይነት

የቤቱን ጉዳይ ከጉዞው ዓይነት ለይቶ መወሰን አይቻልም። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ወይም ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሥራ ስምሪት የምትሄድ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትፈርመው የሁለት ዓመት ውል ነው፤ ውሉም በአሠሪዋ ፈቃድ ሊራዘም፣ ባልታሰበ ምክንያትም ከጊዜው በፊት ሊቋረጥ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ለማስተርስ የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው አንድ ዓመት ሲሆን፣ ቺቭኒንግ የተባለውን የእንግሊዝ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ከሆነ ደግሞ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ ስላለበት የመመለሻው ጊዜ በእርግጠኝነት ይታወቃል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥያቄ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ግን የሚሄደው ኑሮ ለመመሥረት ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያለ ዳግም መግቢያ ፈቃድ ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ቢቆይ የነዋሪነት መብቱ ጥያቄ ውስጥ ስለሚገባ፣ «እየተመላለስኩ እኖርበታለሁ» በሚል ሐሳብ አዲስ አበባ ላይ ቤት ማቆየት ከሕጉም ከኑሮውም ጋር አይሄድም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገር ቤት የሚመጣው ለጉብኝት ነው፤ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ጉብኝት ደግሞ የዓመት ኪራይ መክፈል አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚመለከተው ጊዜውን ነው። ቪዛ እጅ ሳይገባ የኪራይ ውል አይቋረጥም። የአሜሪካ ቆንስላዎች ለዲቪና ለቤተሰብ ቪዛ አመልካቾች በተለምዶ የሚሰጡት ማሳሰቢያም ቪዛው እስኪታተም ድረስ ንብረት እንዳይሸጥና ሥራ እንዳይለቀቅ የሚል ነው። ቃለ መጠይቁን አልፈው «ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል» ተብለው ለወራት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ቤታቸውን አስረክበው፣ ዕቃቸውን ሸጠው፣ ከልጆቻቸው ጋር በዘመድ ቤት ተጠግተው የሚጠብቁት የሚያሳልፉት ጭንቀት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ቪዛው ከታተመ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚያገለግል ስለሆነ፣ የጤና ምርመራው ጊዜ ቀድሞ ካላበቃ በስተቀር፣ ለአከራዩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በአግባቡ ለማስረከብ በቂ ጊዜ ይኖራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የኪራይን ነገር በእጅጉ ለውጦታል። ከመንገደኛው ጋር የሚገናኙት ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ነው። ተከራዩ የሁለት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ሲችል፣ ኪራዩን በወቅቱ ያልከፈለ ተከራይ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል።

የሁለት ዓመቱን ዝቅተኛ ዘመን ሰምተው «ታስሬያለሁ፣ መውጣት አልችልም» ብለው የሚጨነቁ ተከራዮች አሉ። ዘመኑ የተቀመጠው ተከራዩን ከድንገተኛ መፈናቀል ለመጠበቅ ስለሆነ ሥጋቱ ትክክል አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው ውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይና በተግባር የሚከፈለው ገንዘብ የሚለያዩበት፣ ቀሪው ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጥበት የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ሲወጣ ተመላሽ ገንዘብ ቢኖረው የሚያስረዳው በባንክ ያለፈውን ብቻ ስለሚሆን፣ ጉዞው ገና ሲታሰብ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ በባንክ ማድረግ መጀመር አለበት።

ማስረከብ

ይህ አማራጭ ትልቁ ጥቅሙ ማለቁ ነው። ከርክክቡ በኋላ የሚያሳስብ ደረሰኝ፣ የሚጠበቅ ጥሪ፣ የሚፈራ ጎርፍ አይኖርም። ጉዳቱም ግልጽ ነው፦ ጓዙ ይሸጣል ወይም ይበተናል፣ ሲመለሱ ቤት እንደ አዲስ መፈለግ፣ ደላላ መክፈል፣ በጊዜው ዋጋ መግባት ይመጣል።

በተግባር ሲታይ የማስረከቡ ሥራ የሚበላሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው፤ አንዱ ቅጂ ላይ አከራዩ መቀበላቸውን ይፈርሙ። በስልክ «እኅቴ፣ በመስከረም እንወጣለን» ብሎ ተናግሮ መተው፣ ግንኙነቱ መልካም በሆነ ጊዜ የሚበቃ ቢመስልም፣ አከራይዋ ቤቱን ለልጃቸው ሲሰጡና ጉዳዩ ወደ ልጃቸው ሲሻገር ማስረጃ ሆኖ አይቆምም። ቅድሚያ የተከፈለ የሁለት ወር ኪራይ ካለ፣ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር በእርሱ እንዲሸፈን በዚያው ወረቀት ላይ መስማማት ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱን ለቆ አገር ከለቀቁ በኋላ ገንዘብ እንዲመለስ መጠየቅ፣ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ገንዘቡን ኖሮ ከመጨረስ እጅግ ይከብዳል።

የርክክቡ ቀን ከበረራው ቀን ጋር መግጠም የለበትም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ቤቱ ባዶ ሆኖ አከራዩ ወይም ወኪላቸው ባሉበት ክፍል በክፍል ይታይ፤ ግድግዳው፣ የበሩና የመስኮቱ ቁልፎች፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ የቆጣሪው ንባብ በሰነድ ላይ ይስፈር፤ በስልክም ፎቶ ይነሣ። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ስም ስለሆነ፣ የመጨረሻው የውኃ ሂሳብ ካልተጣራ ከወራት በኋላ «የእናንተ ዕዳ» ተብሎ ለቀረው ዘመድ ይመጣል። የኢንተርኔት መስመሩ ግን በተከራዩ ስም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና በኢትዮ ቴሌኮም በኩል እንዲቋረጥ ወይም ወደ ሌላ ሰው ስም እንዲዛወር ማመልከት ያስፈልጋል። በመጨረሻም ውሉ በተመዘገበበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት መቋረጡን ማሳወቅ ይገባል፤ የተመዘገበ ውል ሳይሰረዝ ከቀረ በመዝገቡ ላይ ተከራዩ እርስዎ ሆነው ይቀጥላሉ።

ዘግቶ ማቆየት

ብዙ ሰው ይህን አማራጭ የሚመርጠው ከስሌት ይልቅ በስሜት ነው። ልጆቹ ያደጉበት ቤት ነው፤ ጎረቤቱ ጥሩ ነው፤ ኪራዩ በአካባቢው ካለው ዋጋ ያነሰ ነው፤ «ከለቀቅነው በዚህ ዋጋ ሌላ አናገኝም» የሚለው ሥጋትም እውነት አለው። ስለዚህ ስሜቱን ሳንንቅ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ቁጥር ይተካቸው።

የወር ኪራዩ 20,000 ብር ነው እንበል። ቤቱን ለቆ፣ ጓዙን በቅናሽ ሸጦ፣ ሲመለስ ደላላ ከፍሎ፣ ዕቃ አጓጉዞና አሟልቶ እንደገና ለመግባት የሚደርሰው ኪሳራ በጠቅላላ 160,000 ብር ይሁን፤ ሲመለስ የሚያገኘው ተመሳሳይ ቤትም 28,000 ብር፣ ማለትም በወር በ8,000 ብር የተወደደ ይሁን። ለአንድ ዓመት የሚሄደው ተማሪ ቤቱን ዘግቶ ቢያቆይ 240,000 ብር ይከፍላል፤ ቢለቅ ደግሞ 160,000 ብር ያጣል። ልዩነቱ 80,000 ብር ሲሆን፣ በወር 8,000 ብር ባነሰ ኪራይ እየኖረ ከተመለሰ በኋላ በ10 ወር ይመልሰዋል። ለእርሱ ማቆየት ያዋጣል። ለሁለት ዓመት የሚሄደው ሰው ግን 480,000 ብር ከፍሎ 160,000 ብር ከማጣት ስለሚድን ልዩነቱ 320,000 ብር ይሆናል፤ ይህን ለመመለስ 40 ወር፣ ከሦስት ዓመት በላይ፣ በዚያው ቤት መኖር አለበት። በዚህ መካከል የሚፈቀደው ዓመታዊ ጭማሪ በእርሱም ቤት ላይ ስለሚታሰብ ትርፉ ከዚህም ያንሳል። አንድ ዓመትን እንደ መለያ መስመር የወሰድኩት ከዚህ ስሌት ተነሥቼ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ነገር ስሌቱን ለአንዳንዶች ያዛባዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት 350 ዶላር ገደማ ይፈጅ የነበረው የ20,000 ብር ኪራይ፣ ዶላሩ በ125 ብር ሲመነዘር 160 ዶላር ብቻ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ለባለ አንድ መኝታ ቤት በወር ከ1,500 ዶላር በላይ ለሚከፍል ሰው 160 ዶላር ትንሽ መስሎ ይታየዋል። ሆኖም ያ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የብድር ታሪክ ስለሌለው መያዣ የሚጠየቅ፣ መኪና የሚያስፈልገው፣ ገና ሥራ የሚፈልግ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ወቅት ገንዘቡ ትንሽ አይደለም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሄደች እኅት ደግሞ በየወሩ ለተዘጋ ክፍል መክፈል ከደመወዟ ላይ በከንቱ መቁረጥ ነው። አንድ ሰርቪስ ክፍል የተከራየች ከሆነ ዕቃዋን ወደ ቤተሰብ ቤት ወስዳ ክፍሉን ማስረከብ ይሻላታል፤ ይህን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ገንዘቡ ቢገኝም የተዘጋ ቤት ጠባቂ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች፣ ውኃ በጠፋበት ሰዓት ክፍት የቀረ ቧንቧ ፈረቃው ሲደርስ ቤቱን አጥለቅልቆ፣ በኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያና ዕቃ ያበላሻል፤ ካሣውም በውሉ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ የሚቆይ ቤት ዋናው የውኃ መዝጊያ ይዘጋ፣ ምግብ ማብሰያው ጋዝ ይነቀል፣ በየሁለት ሳምንቱ ገብቶ የሚያይ፣ ስሙና ስልኩም ለአከራዩ የተሰጠ ሰው ይኑር። ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የጀመረው የኮሪደር ልማት እንዳሳየው፣ በመሐል ከተማ ያለ ቤት በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ እንዲነሣ ሊወሰንበት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ጓዙን የሚያወጣ ሰው ከሌለ ለዓመት የተከፈለው ኪራይ ዕቃውን አያድነውም።

ውሉን ለሚቀር ቤተሰብ ማዛወር

ባል ሲሄድ ሚስትና ልጆች የሚቀሩ ከሆነ፣ ወይም ታናሽ ወንድምና እኅት በቤቱ የሚኖሩ ከሆነ፣ ቤቱ ይቆያል፤ ጥያቄው በማን ስም ነው የሚለው ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ውሉን እንዳለ ትቶ ይሄዳል። ይህ ለጥቂት ወራት ችግር ላያመጣ ይችላል፤ ውሉ ሲያልቅ ግን የሚያድሰው ሰው አገር ውስጥ የለም፤ ወረዳው የነዋሪነት ማስረጃ ሲጠይቅ የቀረው ሰው ውል ማቅረብ አይችልም፤ አከራዩ ቤቱን ለማስለቀቅ ምክንያት የሚፈልጉ ከሆኑ ደግሞ «ያከራየሁት ለእርሱ ነው፣ እናንተን አላውቅም» ለማለት በር ይከፈትላቸዋል።

ስለዚህ አሮጌው ውል በጽሑፍ ተቋርጦ አዲስ ውል በሚቀረው ሰው ስም ይፈረም፣ ይመዝገብ። አከራዩ አጋጣሚውን ኪራይ ለመጨመር ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ እውነት ነው። የተመጣጠነ ጭማሪ ቢጠየቅ እንኳ፣ ለሚቀሩት ሰዎች በራሳቸው ስም የተመዘገበ ውል መኖሩ ከሚጨመረው ብር ይበልጣል፤ ቤት ውስጥ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ እናቶች፣ ልጆችና ገና ሥራ ያልያዙ ወጣቶች ናቸው። በዚህ ላይ መቆጠብ የለብንም።

ኪራዩን ከውጭ የሚከፍሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ገንዘቡን በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ አከራዩ የባንክ ሂሳብ ያስገቡ። ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም። ለወንድም የተላከ ገንዘብ ሌላ አጣዳፊ ነገር፣ ሕመም ወይም የትምህርት ክፍያ፣ ሲመጣ ወደዚያ መዞሩ አይቀርም፤ ኪራዩ መቋረጡ የሚሰማውም የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ነው። አከራዩ «ከፋዩ አንተ ስለሆንክ ዋስ ሁን» ቢሉ ደግሞ የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በሰነዱ ላይ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የገንዘቡ ልክ ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ የለውም፤ ልኩ መጻፉ አከራዩንም ዋሱንም ይጠቅማል።

መልሶ ማከራየት

ይህ አማራጭ ከሩቅ ሲታይ ማራኪ ነው። በ20,000 ብር የተያዘ ቤት በ28,000 ብር ለሌላ ቢከራይ ቤቱም ይቆያል፣ ትርፍም ይገኛል፣ ጓዙም በቦታው ይቀመጣል። እኔ ግን ከአራቱ ሁሉ በጣም የምጠራጠረው ይህንን ነው።

ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ከተደረገ ውሉን የሚያሳጣ ጥፋት ነው፤ የገባው ሰውም ያለ ጥፋቱ ጎዳና ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፈቃድ ቢገኝም፣ የገባው ሰው ሳይከፍል ቢቀር አከራዩ የሚጠይቁት እርስዎን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሌላ አገር ሆነው ከእርሱ ጋር መከራከር ይኖርብዎታል። ግብሩም አለ። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ተከራይቶ የሚያከራይ ሰው ከሚቀበለውና ለባለቤቱ ከሚከፍለው ኪራይ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ግብር ይከፍላል። ሳይከፍል ከቀረም፣ እንዲያከራይ የፈቀደለት ባለቤት በኃላፊነት ይጠየቃል። ጥሩ ግንኙነት ያላቸው አከራዮች እንኳ «ለዘመድህ እሺ፣ ለሌላ ግን አይሆንም» የሚሉት ለዚህ ነውና ቅር ሊያሰኝ አይገባም።

ይህን መንገድ ልቀበለው የምችለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ቆይታው አጭርና መመለሻው የታወቀ ሲሆን፣ የሚገባው ሰው በደንብ የሚታወቅ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ሲሆን፣ አከራዩም ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሲሰጡ። በዚህ ጊዜም ትርፍ ባይፈለግና የገባው ሰው ኪራዩን በዋናው ልክ በቀጥታ ለአከራዩ ቢከፍል ሰላም ይገኛል።

የቀበሌና የኮርፖሬሽን ቤቶች

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ፣ በወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» በሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሲተዳደሩ ቆይተዋል፤ የኋለኞቹ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ናቸው። እነዚህ ቤቶች ኪራያቸው ከገበያው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ማንም በፈቃዱ መልቀቅ አይፈልግም፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ለሦስተኛ ወገን ሊከራይ ወይም ሊሸጥ የሚችል ንብረት አይደለም፤ ተከራዩ ሳይኖርበት ሌላ ሰው ተቀምጦበት ከተገኘ ወረዳው መልሶ ይወስደዋል።

በቤቱ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጆች ካሉ፣ ከጉዞው በፊት በነዋሪነት መዝገብ ላይ መስፈራቸውን ማረጋገጥና የውሉን ጉዳይ በወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ ማቅረብ ቀዳሚ ሥራ ነው። ለትምህርት ወይም ለሕክምና ለተወሰነ ጊዜ የሚሄድ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ወይም የሆስፒታሉን ደብዳቤ አያይዞ ያሳውቅ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂም ይያዝ። ቤቱ ውስጥ ማንም የማይቀር ከሆነና የሚሄዱትም ለኑሮ ከሆነ ግን፣ ለማያውቁት ሰው በድብቅ ሰጥቶ መሄድ ለሁሉም ወገን አደጋ አለው። በልማት ምክንያት አካባቢው ሲነሣ ምትክ የሚሰጠው በቆጠራው ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ለተገኘው ነዋሪ ነው፤ በድብቅ የገባውም፣ በውጭ ያለውም ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉ።

ውክልናው

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ፣ ከጉዞው በኋላ የሚቀር ሥራ ካለ ወኪል ያስፈልጋል። ከመሄድዎ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መታወቂያ ይዞ ቀርቦ መስጠት፣ በኋላ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ሰጥቶ፣ ሰነዱን ወደ አዲስ አበባ ልኮ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ ከማስመዝገብ እጅግ ይቀላል።

የውክልናው ይዘት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ ነው፤ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር፣ በስምምነት ክርክርን መጨረስ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሰነዱ «ቤቴን በሚመለከት ሁሉ» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ ውሉን ማቋረጥ፣ ቁልፍ ማስረከብ፣ የርክክብ ሰነድ መፈረም፣ ተመላሽ ገንዘብ መቀበል፣ ደረሰኝ መስጠት፣ በወረዳ ማመልከት፣ ካስፈለገም መክሰስና መከሰስ እያለ በዝርዝር ይጻፍ። ወኪሉም እነዚህን ሥራዎች ለመከታተል ጊዜ ያለው ሰው ይሁን፤ የቅርብ ዘመድ ሆኖ በሥራ የተጠመደ ሰው ከሚሆን ይልቅ ወረዳ ሄዶ መሰለፍ የሚችል ታማኝ ወዳጅ ይሻላል።

ስለ ጓዙና ስለ ዕድሩ

ጓዙን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ለማስቀመጥ ብቻ ቤት አይከራይ። ማቀዝቀዣ፣ ልብስ ማጠቢያና ሶፋ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋቸው ስለሚወርድ፣ ለሚቀርብ ሰው መስጠት ወይም ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቀስ ብሎ መሸጥ ይሻላል፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሸጥ ዕቃ በገዢው ዋጋ ይሄዳል። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቤተሰብ ፎቶና የኪራይ ሰነዶቹ ግን በአንድ ሳጥን ተለይተው ለታመነ ሰው ይሰጡ።

ዕድሩ ደግሞ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚዘጋ መስሎ እንዳይታይ። ወላጆች ወይም እኅት ወንድሞች በዚያው ሰፈር የሚቀሩ ከሆነ፣ ቤቱን ለቀውም ቢሆን ወርሃዊ መዋጮውን የሚከፍል ሰው መድቦ አባልነቱን ማስቀጠል ይቻል እንደሆነ የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቀርቦ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ባይቻልም በአግባቡ ተሰናብቶ፣ የቀረ መዋጮ ካለ ከፍሎ፣ ስምን ማሰረዝ ይገባል። የእቁብ ዕጣ አስቀድሞ የወሰደ ሰውም ቀሪውን መዋጮ የሚከፍልለትን ሰው ለእቁቡ ሰብሳቢ አስተዋውቆ ይሂድ።

ወኪሉ ቤቱን አስረክቦ፣ ሂሳቡን አጣርቶ፣ የሰነዶቹን ፎቶ ከላከ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሰጠው ውክልና በተሰጠበት ቢሮ ወይም በሚኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ በኩል እንዲሻር ይደረግ፤ መሻሩም ለአከራዩ በጽሑፍ ይነገራቸው።